በራዲዮ የምትታዘዝ ባለ ሸራ ሞዴል ጀልባን በሎጎ ሐይቅ ላይ ከዳር እስከ ዳር የማሻገር መመሪያ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አጠገብ የተኛው ሎጎ ሐይቅ 6.7 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 6 ኪሎ ሜትር ወርድ ሲኖረው፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ሰው የማይሳፈርባትን፣ አንድ ሜትር ብቻ ርዝመት ያላትን ጀልባ ይህን በመሰለ ሰፊ ውሃ ላይ ማሻገር የሚቻል ሥራ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጀልባቸውን በኩሬ ወይም በግድብ ዳር ማዞርና መመለስ ለለመዱ፣ አሁን ግን ዓሣ አጥማጆችና መንገደኞች ወደሚመላለሱበት ክፍት ውሃ ለመውጣት ላሰቡ ሰዎች ነው።

ብዙ ጀማሪዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ራዲዮው ስንት ሜትር እንደሚደርስ ነው። ከራዲዮው በፊት ግን የሚደክመው ዓይን ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ 150 ሜትር ያህል ከራቀች በኋላ ትታያለች እንጂ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል፤ አፍንጫዋን ያልለየ ሰው ደግሞ እጁ ላይ ያለው ሪሞት ቢሠራም ጀልባዋን እየመራ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሰፊ ውሃ የሚሻገረው ዳር ላይ ቆሞ በመላክ ሳይሆን፣ ነጂው በአጃቢ ጀልባ ተሳፍሮ ትንሿን ጀልባ ከ30 እስከ 50 ሜትር ርቀት ውስጥ እየተከተለ በመምራት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ቦታና ሰዓት መምረጥ

የመጀመሪያው መሻገር የሐይቁን ሙሉ ወርድ መሆን የለበትም። ከአንድ የዳርቻ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚደርስ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ይበቃል። ሎጎ ላይ ከመውጣት በፊት አርዲቦ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መለማመድ ይመረጣል። አርዲቦ ከሎጎ ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ውሃውም በአንቀርቃ ወንዝ በኩል ወደ ሎጎ የሚወርድ ታናሽ ሐይቅ ሲሆን፣ እኔ በተለማመድኩባቸው ቀናት እንቅስቃሴው ከሎጎ ያነሰ ነበር።

ሰዓቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ መረብ ነው፣ ሌላው ነፋስ። የዓሣ መረብ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ስለሚነሣ፣ በማለዳ መውጣት ማለት መረብ በሚነሣበት ሰዓት በሥራተኞች መካከል መግባት ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ያስነሣል። እንደ እኔ ልምድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ መረቡ በአብዛኛው ተነሥቷል፣ ነፋሱም ሸራ ለመሙላት የሚበቃ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። የክረምቱን ሐምሌና ነሐሴ መተው ይገባል። በወሎ በልግም እንደሚዘንብ መርሳት አያስፈልግም፤ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ጠዋት የጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ነጎድጓድ ሊሆን ስለሚችል፣ ደመና በተራራው ላይ መቆለል ሲጀምር ወደ ዳር መመለስ ግዴታ ነው። ሐይቅ መካከል ቀጥ ያለ ምሰሶ ይዞ በመብረቅ ሥር መገኘት የሚያስከትለውን መግለጽ አያሻም።

የገዳሙም የቀን መቁጠሪያ ሊታወቅ ይገባል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በአንድ ወቅት ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘው መሬት ላይ የሚገኝ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርት ማዕከል የሆነ ጥንታዊ ገዳም ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል በሚከበርበት በኅዳር 26ና ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ሌሎች ቀናት ጀልባ ይዞ አለመውጣት ተገቢ ነው። በሌሎች ቀናትም የመሻገሪያው መስመር ከገዳሙ ዳርቻ ራቅ ብሎ እንዲያልፍ ይደረግ።

ጀልባዋን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ ባለ ሞተር ጀልባ ሳይሆን ባለ ሸራ ጀልባ እመርጣለሁ። ባለ ሞተር ጀልባ ባትሪዋ ሲያልቅ ትቆማለች፤ ፕሮፔለሯም የመረብ ክርና የውሃ ሣር ይጠመጥማል። ባለ ሸራ ጀልባ ኤሌክትሪክ የምትፈልገው የሪሞቱን ትእዛዝ ለሚቀበለው ሪሲቨር፣ መሪዋን ለሚያዞረው ሰርቮና ሸራውን ለሚስበው ሞተር ብቻ ነው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት የባለ ሸራ ሞዴል ጀልባ ደረጃዎች አንዱ «ዓለም አቀፍ አንድ ሜትር» የሚባለው ሲሆን፣ ርዝመቷ ከ1 ሜትር የማይበልጥ፣ ክብደቷ ከ4 ኪሎ ግራም የማያንስ፣ ከሆዷ ሥር በሚወርደው ክንፍ ጫፍ ላይም እርሳስ የተሸከመች ጀልባ ናት። ይህ እርሳስ ነፋስ ቢያስተኛትም ተመልሳ እንድትነሣ ያደርጋታል። በቤት የተሠራች ጀልባም ብትሆን ከዚህ መጠን ብዙ ባታንስ ጥሩ ነው፤ 50 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ጀልባ ለኩሬ እንጂ ለሎጎ ማዕበል አትሆንም።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው እንዳትሰጥም ማድረግ ነው። በ88 ሜትር ጥልቀት ውስጥ የገባ ነገር ተመልሶ አይገኝም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 4 ኪሎ ግራም የምትመዝን ጀልባ ውስጧ ሙሉ በሙሉ ውሃ ቢሞላ እንኳ ተንሳፍፋ እንድትቀር፣ ውሃ ሊገባበት የማይችል ከ4 ሊትር ያላነሰ አየር ወይም ፎም በውስጧ ሊኖር ይገባል። ቀላሉ ዘዴ ክዳናቸው በደንብ የጠበቀ ግማሽ ሊትር የሚይዙ 8 ባዶ የውሃ ኮዳዎችን ማስገባት፣ እንዳይንቀሳቀሱም ማሰር ነው። በክዳኑ ቀዳዳ የማይገቡ ከሆነ የሸቀጥ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም እየቆረጡ ከአፍንጫውም ከኋላውም መጠቅጠቅ ይቻላል። ይህን ከጨረሱ በኋላ ቤት ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ወይም ዳር ላይ በጉልበት ጥልቀት ውሃ ውስጥ ክዳኗን ከፍቶ፣ ባትሪዋንና ሪሲቨሯን አውጥቶ፣ ውሃ ሞልቶ መፈተን ያስፈልጋል። ተንሳፍፋ ከቀረች ለሐይቁ ደርሳለች፤ ካልቀረች ፎም ይጨመር።

ቀጥሎ የውሃ መግቢያዎች ይዘጋሉ። የመሪው ዘንግ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ግሪስ ይሞላል፤ የሸራው ገመድ የሚወጣበት ቀዳዳ ከላይኛው ገጽ ከፍ ያለ አጭር ቱቦ ይሠራለታል፤ ክዳኑ ዙሪያውን በውሃ በማይለቅ ፕላስተር ይታሸጋል። ሪሲቨሩን በፌስታል ብቻ ጠቅልሎ መተው አስተማማኝ አይደለም፤ ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ፣ ሽቦዎቹ የሚወጡበትን ቀዳዳ በሲሊኮን መድፈን ይሻላል።

ቀለም ለውበት ብቻ የሚመረጥ አይደለም። ነጭ ጀልባ ማዕበሉ ሲያረፋ ትጠፋለች፤ ሰማያዊና አረንጓዴም እንዲሁ። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ከሩቅ ይለያል። የሸራው ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ከአፍንጫዋ ጫፍ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በሌላ ቀለም መቀባት አቅጣጫዋን ለመለየት እጅግ ይረዳል። በጎኗ ላይም ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ።

ራዲዮውና ባትሪው

በራዲዮ የሚታዘዝ ጀልባ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ለሕዝብ አሳይቷል። እርሱ ያሳየው ግን በአዳራሽ ውስጥ በተዘጋጀ ገንዳ ላይ ነበር፤ ክፍት ውሃ ሌላ ጠባይ አለው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ሪሞቶች አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ይህ ሞገድ በውሃ ውስጥ አያልፍም፤ ወደ ውሃው ገጽ በተጠጋ ቁጥርም ይዳከማል። ስለዚህ የሪሲቨሩ አንቴና በጀልባዋ ሆድ ተጠቅልሎ መቅረት የለበትም። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በተቻለ መጠን ወደ ላይ ይቁም፤ ሪሲቨሩ ሁለት አንቴና ካለው አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተጋድሞ ይቀመጥ። ነጂውም የሪሞቱን አንቴና ጫፍ ወደ ጀልባዋ እንዳያነጣጥር ይጠንቀቅ፤ ሞገዱ ከሁሉ የሚያንሰው በጫፉ አቅጣጫ ነውና አንቴናው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይቁም።

አከፋፈቱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ሪሞቱ፣ ቀጥሎ ጀልባዋ ትከፈታለች፤ ሲዘጋ በተቃራኒው ነው። ከዚያ መልእክት ሲቋረጥ ጀልባዋ ምን እንደምታደርግ ይወሰናል። ባለ ሞተር ከሆነች ሞተሩ እንዲቆም፣ ባለ ሸራ ከሆነች ሸራው ሙሉ በሙሉ እንዲላላና መሪው ትንሽ ወደ አንድ ጎን እንዲዞር ይደረጋል፤ እንዲህ ስትሆን ርቃ ሳትሄድ ባለችበት አካባቢ ትንገላታለች። ይህን መሞከሪያው መንገድ፣ ከሐይቁ ዳር ቆሞ ጀልባዋን በእጅ ይዞ ሪሞቱን ማጥፋት ነው። ሸራው ካልላላ ውሃ ላይ አትውጣ።

ባትሪውን በግምት መተማመን አይገባም። የጉዞውን ጊዜ አስልቶ፣ ቤት ውስጥ መሪውንና ሸራውን ያለማቋረጥ እያንቀሳቀሱ ለዚያ ጊዜ እጥፍ ማሠራት፣ ከዚያም ቀሪውን ኃይል መለካት ነው። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ከሆነ እያንዳንዱ ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3.5 ቮልት በታች ከመውረዱ በፊት ጉዞው ማለቅ አለበት።

የጉዞው ስሌትም እንደዚሁ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀች ልትደርስበት የምትችለው ፍጥነት በሰከንድ 1.25 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ከጎን ሲሆን በሰከንድ 1 ሜትር ብትሄድ 2 ኪሎ ሜትሩን በ33 ደቂቃ ትጨርሳለች። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ግን ቀጥታ መሄድ አትችልም፤ ከነፋሱ መምጫ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየታጠፈች ስለምትወጣ 2 ኪሎ ሜትሩ 2.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በሰከንድ 0.8 ሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን ነፋሱ ከጎን የሚመጣበት መስመር ይመረጥ።

ስለ ነፋሱ አንድ ነገር ልጨምር። ሎጎ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በአንድ ዓይነት የነፋስ ፍጥነትም ሸራውን የሚገፋው ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች «በዚህ ፍጥነት ሸራ ቀንስ» የሚሉትን እንዳለ መቀበል አያስፈልግም፤ እዚህ ትልቁ ሸራ ጥቂት ቆይቶ ሊወርድ ይችላል።

ከውሃው ሰዎች ጋር መስማማት

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። እኔ በአንድ ወቅት ይህን ትቼ በመውጣቴ የጀልባዬ ክንፍ ከውሃው ገጽ በታች በተዘረጋ መረብ ተያዘ። የክንፏ እርሳስ እንደ መንጠቆ ሆኖ ስለነበር፣ የመረቡ ባለቤት የሆኑት አዛውንት ሦስት ቦታ ቆርጠው ነው ያላቀቋት። «አብሽር ልጄ» ብለው ጀልባዬን ሲመልሱልኝ ያፈርኩትን ያህል በሌላ ነገር አፍሬ አላውቅም። መረቡን ከፍዬ አስጠገንኩ፤ የዚያን ሳምንት ዓሣ ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

ስለዚህ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ዓሣ አጥማጆች ወደሚሰበሰቡበት ዳር ሄዶ፣ ተዋውቆ፣ ጀልባዋን በእጃቸው አስይዞ ማሳየት ያስፈልጋል። በዕድሜ ለሚበልጡት አንቱ እያሉ፣ «አባባ፣ መረቡ የት የት ነው ያለው? በየትኛው በኩል ብናልፍ አናስቸግርም?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚነግሩህን በወረቀት ላይ ንድፍ ሠርተህ ያዝ። የመረቡ ምልክት ባዶ ኮዳ ወይም የፎም ቁራጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ውሃ ላይ የቆሻሻ ፕላስቲክ የሚመስል ነገር ሁሉ የመረብ ጫፍ እንደሆነ ተቆጥሮ ከሩቅ ይዞራል።

አጃቢውን ጀልባ የሚቀዝፈውንም ሰው ከእነርሱ መካከል መምረጥ ይበጃል፤ ውሃውን ያውቃል፣ ሌሎቹም ያውቁታል። ዋጋው ከመነሣት በፊት በግልጽ ይነገር፤ የጠበቀውን ያህል ባይፈጅም ሙሉው ይከፈል። በአጃቢው ጀልባ ላይ ሦስት ሰዎች ይሆናሉ፤ አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ሪሞት ይይዛል፣ ሦስተኛው ደግሞ ዙሪያውን ያያል። ሪሞት የያዘ ሰው ዓይኑ ከትንሿ ጀልባ አይነቀልምና ከኋላው የሚመጣውን የሚነግረው ሰው የግድ ያስፈልገዋል። ሦስቱም ዋና ቢችሉም ባይችሉም የሕይወት አድን ጃኬት ይልበሱ።

ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድሞ ማሳወቅም መዘንጋት የለበትም። ከሩቅ ሲያዩት ሪሞት ይዞ ወደ ሰማይና ወደ ውሃ የሚመለከት ሰው ድሮን የሚያበር ሊመስል ይችላል፤ በወሎ ደግሞ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥርጣሬ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ጀልባዋ ላይ ካሜራ አለመግጠም ይመከራል።

ማሻገር

ክንፏ 42 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚወርድ ጀልባዋ ከዳር አትነሣም፤ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ያስፈልጋታል። ቀንድ አውጣ በሚገኝባቸው ጥልቀት የሌላቸው ውሃዎች ቢልሃርዚያ ስለሚተላለፍ በባዶ እግር አይገባም፤ ረጅም ቦቲ ይደረግ፤ አለዚያም ከአጃቢው ጀልባ ላይ ሆኖ ማውረድ ይሻላል። ሸምበቆው ውስጥ ወፎች ስለሚጎጁ መነሻው ክፍት ከሆነ ቦታ ይሁን።

ከመልቀቅ በፊት አንድ ደቂቃ ቆሞ ውሃውን ማየት ነው። ነፋስ የሚነካው ውሃ ጠቆር ብሎ ይሸበሸባል፤ ያልነካው እንደ መስተዋት ያበራል። የጠቆረው ንጣፍ ወደ ጀልባዋ ሲቀርብ ሸራውን ትንሽ ማላላት፣ ካለፈ በኋላ መልሶ መሳብ ያስፈልጋል። ሸራ ሁልጊዜ የሚሳበው መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሳብ ጀልባዋን ያስተኛታል እንጂ አያፈጥናትም።

አጃቢው ጀልባ የሚቀመጥበት ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከነፋሱ መምጫ በኩል ከቆመ የትንሿን ነፋስ ይጋርድባታል። ከነፋሱ መሄጃ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ይከተላት፤ እንዲህ ሲሆን አንዳች ነገር ቢበላሽ ነፋሱ ራሱ እየገፋ ወደ አጃቢው ያመጣታል። አጃቢው በሞተር ሳይሆን በመቅዘፊያ ቢሄድ ይመረጣል።

ጀማሪን ከሁሉ የሚያሳስተው ጀልባዋ ወደ እርሱ ስትመጣ ግራና ቀኝ መገላበጡ ነው። መድኃኒቱ ከጀልባዋ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መዞርና በትከሻ በኩል ወደ ኋላ እያዩ መምራት ነው፤ አጃቢው ከኋላ ሲከተል ደግሞ ችግሩ ከመሠረቱ አይነሣም።

የመተላለፍ ደንቡ አንድ ነው፤ ሰው የተሳፈረበት ማንኛውም ነገር፣ የደንገል ታንኳም ይሁን ባለ ሞተር ጀልባ፣ ቅድሚያ አለው። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ ፊት ለፊት የሚገናኙ ባለ ሞተር መርከቦች ሁለቱም ወደ ቀኛቸው እንዲታጠፉ ያዛል፤ ሎጎ ላይ ግን ሌላው ይታጠፍልኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። 100 ሜትር ሲቀር ታጠፍ፤ መታጠፍህም እንዲታይ በትንሹ ሳይሆን በሰፊው ታጠፍ፤ በፊቱ ሳይሆን በኋላው እለፍ። መረብ የሚያነሣ ሰው ካየህ ሸራውን አላልተህ ቁም፤ እስኪጨርስ ጠብቅ። ጀልባህን ያየ ሕፃን ታንኳ ላይ ካለ ለማየት ብሎ ሊጠጋና ሊያጋድል ስለሚችል ራቅ በል።

ነፋሱ መካከል ላይ ቢሞት ሩብ ሰዓት ጠብቅ፤ ካልመጣ ጀልባዋን አንሥተህ ተመለስ። ጀልባዋ ከወትሮው ዝቅ ብላ ወይም ተጎትታ ስትሄድ ከታየችም እንዲሁ፤ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። መረብ ከያዛት ሪሞቱን ተወው፤ በሸራም በመሪም አትታገል፤ መታገል ክሩን ያጠብቃል። ሸራውን አላልተህ ቅረብ፣ ከምሰሶዋ ሥር ያዛት፣ ወደ መጣችበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ሳባትና ክንፏን ከመረቡ ወደ ታች ገፍተህ አውጣ። በዚህ ካልተለቀቀች ክንፏ ይፈታ እንጂ መረቡ አይቆረጥ፤ ስለዚህም ክንፏን የሚያስረው ብሎን በእጅ የሚፈታ እንዲሆን አስቀድመህ አዘጋጅ።

ወደ ማዶ ስትደርስ ሸራውን ከዳር 20 ሜትር ቀደም ብለህ አላላ፤ በራሷ ፍጥነት ትጠጋለች። ከውሃ እንደወጣች ጀልባዋን፣ ከዚያም ሪሞቱን ዝጋ። ክዳኑን ከፍተህ የገባውን ውሃ በጨርቅ እየጨመቅህ ለካ፤ ከአንድ የቡና ስኒ በላይ ከሆነ የገባበት ቀዳዳ ሳይገኝ የመልሱ ጉዞ አይደረግም። ሊቲየም ባትሪው ቤት ሲደርስ በእያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ላይ ተደርጎ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ። ሸራው ሳይታጠፍ ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ክዳኑም እስከ ማግሥቱ ክፍት ሆኖ ይደር።